የቅሬታ ደብዳቤ፦ ወንዙ ሲደፈርስ ያልተለወጠው ቁጥር

ለ፦ የውሃ ጥራት ምርመራ አገልግሎት ለሚሰጠን ላቦራቶሪ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ላለፉት ሦስት ወራት የተላከልንን የምርመራ ውጤት ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

በስኳር ፋብሪካው የውሃ ክፍል ኬሚስት ነኝ። ደብዳቤውን የምጽፈው ክፍሉን ወክዬ ነው። አብዛኛውን ነገር ግን በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ እንዳየሁት እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቦይለራችን (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠን ማሽን) ለጥገና ቆመ። ከቀዘቀዘ በኋላ ባትሪ ይዘን ድራሙ ውስጥ፣ ማለትም ትልቁ የውሃ በርሜሉ ውስጥ ገባን። የቱቦዎቹ አፍ ላይ ነጣ ያለ ግራጫ ቅርፊት ተጋግሯል። በጥፍሬ ልፍቀው ሞከርኩ፤ ንክች አላለም። በመፍቻ ጫፍ መታ መታ ሳደርገው እንደ ሸክላ ስባሪ ተፈረከሰ። ቁራጩን ወደ ላቦራቶሪያችን ወስጄ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አደረግኩበት። የካልሲየም ካርቦኔት ቅርፊት ቢሆን ኖሮ ወዲያው አረፋ ይደፍቅ ነበር። ይሄኛው ጭጭ አለ። ሰልፌት እንዳይሆን ብዬ ደግሞ አሲዱን አሙቄ ባሪየም ክሎራይድ ጨመርኩበት። ነጭ ዝቃጭ አልወጣም። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ከዚህ በኋላ ብዙ አይጠይቅም። ሲሊካ ነው፤ አሸዋ የተሠራበት ማዕድን።

ወዲያው የእናንተን ሪፖርት አወጣሁ። የማካካሻ ውሃ (ከወንዝ ስበን ወደ ቦይለሩ የምንጨምረው) ሲሊካ፣ 4.2 ሚሊግራም በሊትር። ያለፈው ወርስ? 4.2። ከዚያ በፊት የነበረውስ? እሱም 4.2። ሦስቱንም ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ብዙ አየኋቸው። ሲሊካው ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር። የወንዙ ውሃ ድፍርስነትም ሦስቱንም ጊዜ 3 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) ነው።

ዘንድሮ ዝናቡ ፋብሪካው ሥራ ሳያቆም ነው የገባው። በመጀመሪያው ወር ወንዙ ጥርት ያለ ነበር። በሦስተኛው ወር ግን በባልዲ ስንቀዳ የባልዲው ታች አይታይም። ሰው ድፍርስነትን በዓይኑ መለየት የሚጀምረው ከ4 እስከ 5 ኤንቲዩ አካባቢ ነው። እኛ ጭቃ እያየን እናንተ 3 ብላችሁ ጻፋችሁ። ይህ ቁጥር ከእኛ ወንዝ የመጣ ነው ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም።

ይህ ለእኛ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ልንገራችሁ። በደህናው ጊዜ ቦይለራችን በብዛት የሚመገበው ኮንደንሴት ነው። የሸንኮራ ጭማቂውን የሚያሞቀው እንፋሎት ተመልሶ ውሃ ሲሆን ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የቦይለር ውሃ የለም፤ ሙቅ ነው፣ ንጹህ ነው። ጠላቱ አንድ ነው፤ ስኳር። የአንድ ኢቫፖሬተር (ጭማቂውን አፍልቶ የሚያወፍረው ዕቃ) ቱቦ ከተቀደደ ወይም ጭማቂው ከእንፋሎቱ ጋር ከተነሳ ስኳሩ ኮንደንሴቱ ውስጥ ይገባል። ስኳር ቦይለር ውስጥ ገብቶ በዚያ ሙቀት ሲበሰብስ አሲድ ይሆናል። ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ያወርዳል፣ ውሃውን አረፋ ያስደፍቃል፣ ቱቦው ላይ ከሰል ሆኖ ይጋገራል። ስለዚህ ፈረቃ ላይ ያሉት ልጆች በየሰዓቱ ኮንደንሴቱ ላይ አልፋ ናፍቶል የተባለ ስኳር ጠቋሚ ኬሚካል ጠብ አድርገው፣ ሰልፈሪክ አሲዱን በቱቦው ጎን ቀስ አድርገው ያወርዳሉ። በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ሐምራዊ ቀለበት ከታየ ኮንደንሴቱ ወደ ቦይለር አይሄድም።

በእነዚህ ወራት ያ ቀለበት ደጋግሞ ታየ። ኮንደንሴቱን ስንደፋ ከረምን። ቦይለሩን ያኖረው ከወንዝ ተስቦ፣ ተጣርቶ፣ በሶፍትነር ያለፈው ማካካሻ ውሃ ነው። ሶፍትነር ካልሲየምና ማግኒዚየምን በሶዲየም ይተካል እንጂ ሲሊካን አይነካም። ጎርፍ ይዞት የመጣው ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ደግሞ ሶፍትነሩን አልፎ ቦይለሩ ውስጥ ይሟሟል። በተለመደው የሞሊብዴት ዘዴ (ቀለም አውጥቶ ሲሊካን በሚለካው) የሚታየው የሟሟው ሲሊካ ብቻ ነው፤ ብናኙ አይታይም። ለዚህ ነው ውላችን «ጠቅላላ ሲሊካ» የሚለው። በሪፖርታችሁ ላይ የተጻፈው የምርመራ ዘዴ ግን የሟሟውን ብቻ የሚለካው ነው። እንግዲህ ቁጥሩ በትክክል ተለክቶ ቢሆን እንኳ ግማሽ መልስ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ያንን 4.2 አምነን ውሳኔ ወሰንን።

ቦይለር ውስጥ ውሃው በእንፋሎት ይወጣል፣ ጨውና ሲሊካው ይቀራል። የቀረውን የምናስወጣው በብሎውዳውን፣ ማለትም ከቦይለሩ ውሃ ቀንሰን በመጣል ነው። ብሎውዳውን ደግሞ የፈላ ውሃና የተቃጠለ ባጋስ (ለማገዶ የምንጠቀምበት የሸንኮራ ገለባ) መጣል ስለሆነ ማንም ሲበዛ አይወድም። የእኛን ዓይነት ዝቅተኛ ግፊት ያለው ቦይለር በውስጡ እስከ 150 ሚሊግራም በሊትር የሚደርስ ሲሊካ ይዞ መሥራት ይችላል። 4.2ን በ25 ብታባዙት 105 ነው። «እንግዲህ ሰፊ ቦታ አለን» ተባለ። ብሎውዳውኑን ቀንሰን፣ ከሚገባው ውሃ ቀድሞ 15 እጥፍ የነበረውን የቦይለሩን ክምችት ወደ 25 እጥፍ አሳደግነው። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ፊርማዬም አለበት። እውነተኛው ቁጥር 10 ከነበረ ግን ቦይለሩ ውስጥ 250 ደርሷል ማለት ነው። ቅርፊቱን ያየ ሰው የትኛው እውነት እንደነበር ይገባዋል።

የመጀመሪያው ወር ሪፖርት ትክክል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሲመጣ መጠየቅ የነበረብን እኛም ነን። ይህን አልክድም። ግን ገንዘብ ከፍለን ወደ እናንተ የምንልከው እኛ ጋ መሣሪያው የሌለውን ምርመራ ነው። ሰው ዶክተሩን የሚያምነውን ያህል ነው ያመንናችሁ።

ወደ ናሙና አወሳሰዱ ልምጣ። ባለፈው ወር አብሬ ቆሜ አይቻለሁ። ናሙና ሰብሳቢያችሁ ትሑትና ታታሪ ልጅ ነው፤ እሱን መክሰስ አልፈልግም። ያልሰጣችሁትን ዕቃና ያላስተማራችሁትን ነገር ከየት ያመጣል? ቧንቧውን ከፈተና ወዲያው ቀዳ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቧንቧው ውስጥ ያደረ ነው፤ ዝገቱንም ይዞ ይወጣል። ለጥቂት ደቂቃ ማፍሰስ ነበረበት። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ አላለቀለቀም። የሲሊካውን ናሙና የቀዳው በብርጭቆ ጠርሙስ ነው። ብርጭቆ ራሱ ከሲሊካ የተሠራ ስለሆነ ወደ ውሃው ይለቃል፤ ለዚህ ምርመራ ፕላስቲክ ነው የሚያዘው። የመጠጥ ውሃውን የባክቴሪያ ናሙና ደግሞ ከዚያው ካርቶን ባወጣው ጠርሙስ ቀዳ። «ይሄ በእንፋሎት ተቀቅሏል?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ቧንቧ የሚጠጡት ሠራተኞቻችን ናቸው።

በረዶ የያዘ ሳጥን አልነበረውም። ጠርሙሶቹን መኪናው ኋላ፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር ደረደራቸው። ከእኛ በኋላ የሚሄድበት ሌላ ቦታ እንዳለም ነገረኝ። ሪፖርታችሁን ስመለከት ናሙናው ላቦራቶሪ ደረሰ የተባለው በሦስተኛው ቀን ነው። ስኳር ያለበት ፍሳሽ በሙቀት ሦስት ቀን ሲቆይ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ይፈላል። ባክቴሪያው ስኳሩን በልቶ ይጨርሰዋል። ለቢኦዲ (ባክቴሪያ ቆሻሻውን ሲበላ የሚፈጀውን ኦክሲጅን ለሚለካው ምርመራ) የሚሄድ ናሙና ከተቀዳበት ሰዓት ጀምሮ በጨለማና በብርድ መቀመጥ፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ምርመራው መጀመር አለበት። እናንተ የለካችሁት ባክቴሪያ በልቶ የተረፈውን ነው።

ደግሞ በዚሁ ሪፖርት የፍሳሹ ቢኦዲ 210፣ ሲኦዲው 180 ነው ይላል። እዚህ ላይ ደንግጬ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ቢኦዲ ባክቴሪያ በአምስት ቀን ውስጥ ሊያቃጥለው የቻለውን ነው የሚያሳየው። ሲኦዲ ደግሞ ኃይለኛ ኬሚካል የሚያቃጥለውን። የስኳር ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ሊበልጥ አይችልም። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ማንበብ ይበቃል። የወንዙ ውሃ ላይም ካልሲየም 40፣ ማግኒዚየም 12፣ ጠቅላላ ሃርድነስ (ከሁለቱ ተደምሮ የሚሰላው የውሃ ጠንካራነት) 86 ተብሏል። ካልሲየሙን በ2.5፣ ማግኒዚየሙን በ4.1 አባዝታችሁ ደምሩት። 149 ይመጣል። ይህን ሪፖርት ሦስት ሰው ፈርሞበታል። አንዳቸውም አልደመሩትም ማለት ነው?

የኦክሲጅኑ ነገር ደግሞ አለ። ከዲኤሬተር (ከቦይለር ውሃ ኦክሲጅንን የሚያስወጣው ዕቃ) የሚወጣው ውሃ ኦክሲጅን 6.8 ሚሊግራም በሊትር ብላችሁ ጻፋችሁ። ይህ አየር ላይ ሲቀመጥ የዋለ ውሃ ቁጥር ነው። ጠርሙሱ ግማሽ ድረስ ብቻ ተሞልቶ፣ ከላይ አየር ይዞ፣ ሦስት ቀን በመንገድ ሲንገጫገጭ ሌላ ምን ሊመጣ ይችላል? ኦክሲጅን የሚለካው እዚያው ቧንቧው ጎን፣ ውሃው በመጠምዘዣ ቱቦ ቀዝቅዞ፣ አየር ሳይነካው ነው። ፒኤችም እንደዚያው። የፈረቃ ኃላፊው ግን ቁጥሩን አይቶ ኦክሲጅን የሚበላው ሰልፋይት እንዲጨመር አዘዘ። ለአንድ ሚሊግራም ኦክሲጅን ስምንት ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ሰልፋይት ነው የሚሄደው። ለሌለ ኦክሲጅን አራት ቀን ሙሉ ኬሚካል ደፋን፤ በራሱ በኬሚካሉም የቦይለሩን ጨው አበዛን። ዲኤሬተሩ በትክክል እንደሚሠራ ያወቅነው በራሳችን መሣሪያ ደግመን ስንለካ ነው። ቢያንስ ያን ዕለት አንድ ሰው ስልክ አንስቶ «ይሄ ቁጥር ግር ብሎናል፣ ምን ተፈጠረ?» ቢለን ኖሮ!

ሪፖርቱ የሚደርሰን ናሙናው ከተወሰደ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ መሆኑ ራሱን የቻለ ቅሬታ ነው። የዛሬ ወር የነበረው ውሃ ዛሬ ቢታወቅ ለማስተካከል የሚቻል ነገር የለም።

የምንጠይቀው እንዲህ ነው። የሦስቱንም ወራት የሥራ ማስታወሻ፣ ማለትም መሣሪያው የተስተካከለበትን መዝገብ፣ የባዶ ናሙናውንና የድግግሞሹን ውጤት እንድትልኩልን። ማስታወሻው ከሌለ ሦስቱ ሪፖርቶች ተሰርዘው የተሰረዙበት ደብዳቤ እንዲጻፍልን፤ ምክንያቱም የፍሳሹን ውጤት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቅርበነዋል። ስህተት መሆኑን እያወቅን ዝም ማለት አንችልም። ከፋብሪካው በታች ያሉ ሰዎችና ከብቶች የሚጠጡት ያንን ወንዝ ነው። የሦስት ወሩ ክፍያ እንዲመለስ፤ ካልሆነም ተመጣጣኝ ምርመራ በነፃ እንዲሠራልን። ቅርፊቱን ለማስወገድ የሚወጣውን ወጪ በተመለከተ የፋብሪካው የሕግ ክፍል ለብቻው ይጽፍላችኋል።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ናሙና ሰብሳቢው በረዶ ያለበት ሳጥን፣ የተቀቀለ ጠርሙስና ቦታው ላይ የሚለካ የፒኤችና የኦክሲጅን መሣሪያ ይዞ ካልመጣ አናስገባውም። ከጣሪያ ያለፈ ውጤት ሲገኝ ሪፖርቱ እስኪታተም ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ይደወልልን።

ከእናንተ ጋር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በደህና ሠርተናል። ያኔ አንዲት ባለሙያችሁ የብረቱ መጠን ከፍ ማለቱን አይታ በማለዳ ደውላልን ነበር። የተቀደደውን የኮንደንሴት ቧንቧ ያገኘነው በእሷ ስልክ ነው። እንዲህ መሥራት እንደምትችሉ ስለማውቅ ነው ወደ ሌላ ከመሄዳችን በፊት ይህን የጻፍኩት።

የቅርፊቱን ቁራጭ በፕላስቲክ ከረጢት ከደብዳቤው ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ። እናንተም መርምሩት። ድጋሚውን ናሙና በጋራ እንቀዳለን፤ በመጪው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ማካካሻ ውሃው ቧንቧ ጋ እጠብቃችኋለሁ። አንዱን ጠርሙስ እናንተ ትወስዳላችሁ፣ ሌላውን ታሽጎ እኛ እናስቀምጣለን። መልሳችሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የውሃ ክፍል ኬሚስት

ግልባጭ፦
ለፋብሪካው ቴክኒክ ኃላፊ
ለግዥ ክፍል
ለሕግ ክፍል