ስቶይክ ማለት «ቻለው» ማለት ነው እንዴ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ባለፈው ስለ ስቶይኮች (የጥንት ግሪክና ሮም ፈላስፎች) ያወጣችሁትን አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣሁ አነበብኩት፣ አሪፍ ነው ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ስቶይክ ማለት ስሜቱን ዋጥ አርጎ ዝም የሚል ሰው አስመሰላችሁት። እሱንማ ለመማር ግሪክ ድረስ ምን አስኬደን፣ «ቻለው» «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባልን አይደል ያደግነው፣ ቻል ቻል እናረግና ማታ ቤት ገብተን ልጆቹ ላይ እንጮሃለን።

ሴኔካ (ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮ እ.ኤ.አ. በ65 ራስህን ግደል ብሎ ያዘዘው ሮማዊ ስቶይክ) ስለ ቁጣ ለወንድሙ የጻፈው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ድንጋጤ፣ የፊት መገርጣት፣ የፀጉር መቆም ምናምን በጃችን አይደለም፣ ጠቢብ ላይም ይመጣል። ቁጣ የሚሆነው ቀጥሎ «ተበድያለሁ፣ ልበቀል ይገባኛል» የሚል ሀሳብ ሲመጣና አንተም አዎ ብለህ ስትፈርምለት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ማዘግየት ነው ይላል፣ ሳትፈርም ትንሽ መቆየት።

እኔ ባለፈው ከሜክሲኮ ስመጣ ታክሲ ውስጥ ሞከርኩት። ረዳቱ ድፍን መቶ ብር ተቀብሎኝ ጭራሽ ረሳኝ፣ መልስ ስለው «ቆይ እንጂ አባቴ!» ብሎ አምባረቀብኝ። ጆሮዬ ሲግል ታወቀኝ። ከለገሀር እስከ አምባሳደር ዝም ብዬ ምንድነው እንዲህ ያቃጠለኝ ስል ለካ ብሩ አይደለም፣ ጠዋት አለቃዬ ሰው ፊት ያዋረደኝ ነገር ነው፣ ረዳቱማ ምስኪን ደረሰበት እንጂ። ግን መልሴን አልተውኩም፣ ስወርድ ጠየኩት፣ ሃያ ብር አጉድሎ ሰጠኝ፣ ደግሜ ጠየኩት፣ ሰጠኝ። ይሄ ከ«ቻለው» ጋር ምን ያገናኘዋል?

በነገራችን ላይ ከሴኔካ ጋር ሁሉም ላይ አልስማማም። አርስቶትል በልኩ የሆነ ቁጣ ይጠቅማል ሲል እሱ ጭራሽ አያስፈልግም ባይ ነው፣ ደካማ ሲበደል አይቶ የማይቆጣ ሰው ግን እኔን ያስፈራኛል።

ሴኔካ ማታ ማታ መብራቱ ሲጠፋና ሚስቱ ዝም ስትል ቀኑን ሙሉ ያረገውን አንድ ባንድ ይመረምር ነበር ደግሞ፣ መቼስ እኛ ሰፈር መብራት በመጥፋት አንታማም፣ እሱን ጀምሬዋለሁ። ባለቤቴ ግን ዝም አትልም፣ «እሱን ብቻ ነው ያረከው? ከሰዓት ስልክ የዘጋህብኝስ?» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው እሱን ዘልዬው ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ