«ማንን ልመን?» ላልሽኝ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። በጣም ተጠፋፍተናል፤ ናፍቀሽኛል። ያ ጥያቄሽ ግን አብሮኝ ከርሟል። የደም ግፊት ታካሚዎችሽን ጨው ቀንሱ ስትዪ፣ «አንዱ ጥናት ይጠቅማል ይላል፣ ሌላው አይጠቅምም፤ ማንን ልመን?» ብለሽኝ ነበር።

አሁን የያዝኩት ሥራ ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ኮምፒውተር የምርምር ጽሑፎችን አንብቦ፣ ሳይንቲስቶች የማይስማሙበትን ቦታ እንዲለይ ማድረግ ነው። የምናየው አንድ ተመራማሪ የሌላውን ሥራ ሲጠቅስ የሚጽፈውን ዓረፍተ ነገር ነው። «ከእነ እገሌ ውጤት በተቃራኒ» ወይም «እስካሁን ስምምነት የለም» ካለ ምልክት ይደረግበታል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን «ክርክር» የሚለውን ቃል ብቻ ካሳደደ፣ ስለ ምርጫ ክርክር የተጻፈውንም ሰብስቦ ያመጣል። «የእኛ ቁጥር ከእነሱ በጥቂቱ ይለያል» ብሎ በጨዋ ደንብ «ተሳስታችኋል» ያለውን ደግሞ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኢላይፍ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በእንዲህ ያሉ ቃላት ከ4 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን ፈትሿል። አለመስማማት የተገኘው ሌላ ሥራ ከሚጠቅሱት ዓረፍተ ነገሮች 0.3 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ከፍ ያለው በማኅበራዊ ሳይንስ፣ ዝቅ ያለው በሒሳብና በኮምፒውተር ሳይንስ።

ታዲያ የቀረው ሁሉ ተስማምቷል ማለት ነው? እኔ አይመስለኝም። የአንቺኑ ጨው እይው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከ1979 እስከ 2014 የተጻፉ 269 ጽሑፎችን መርምሯል። ጥያቄው፣ ሕዝቡ በሙሉ ጨው ቢቀንስ የልብ በሽታ፣ ስትሮክና ሞት ይቀንሳል ወይ የሚል ነበር። 54 በመቶው ደገፈ፣ 33 በመቶው ተቃወመ፣ 13 በመቶው አልቆረጠም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። ጸሐፊዎቹ አብዝተው የሚጠቅሱት የራሳቸውን ጎራ ነው። ሌላውን ጆሮ ዳባ ልበስ! ያልተጠቀሰ ሰው ላይ ደግሞ የተቃውሞ ዓረፍተ ነገር አይጻፍም። ቃል የሚያድነው ኮምፒውተር እዚያ ሰላም ነው ብሎ ያልፋል።

ለዚህ ነው ማን ማንን እንደዘለለ ጭምር እንየው እያልኩ የምከራከረው። ስለ አንድ ጉዳይ እየጻፉ የማይጠቃቀሱ ሁለት ቡድኖች ካሉ፣ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ያንብባቸው። ምናልባት ጥያቄያቸው የተለያየ ነው፤ ምናልባትም ተኳርፈዋል። ያን ማሽኑ ብቻውን አይለየውም። 54 ለ33 መሆኑም የድምፅ ቆጠራ አይደለም። አስተያየት የጻፈና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የተከታተለ እኩል አይመዘንም።

እና ለታካሚዎችሽ የምትሰጪውን ምክር እንዳትተዪ። ያ ክርክር የጦፈው ጤነኛውም ሁሉ ይቀንስ ወይ በሚለው ላይ ነው። ግፊት ላለበት ሰው ጨው መቀነስ የደም ግፊቱን እንደሚያወርድ ማስረጃው ጠንካራ ነው። መሣሪያችን «ክርክር አለ» ብሎ ብቻ እንዳያቆም የምፈልገውም ለዚህ ነው፤ ስለ ማን እንደሆነ ይንገርሽ።

እዚያ ክሊኒክ ግራ የሚያጋቧችሁን ሌሎች ጉዳዮች ጻፊልኝ፣ በእነሱ እንሞክረዋለን። እናትሽን ሳሚልኝ።

የዘወትር ወዳጅሽ