ቀለሙን አቅጥኑት፣ ደጋግማችሁ ቀቡት (ለደንበኞቻችን)

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ከረማችሁ። ሰሞኑን በስሪዲ ፕሪንተር የምንሠራቸውን ትንንሽ ታክሲዎች የወሰዳችሁ ቀለም ቀብታችሁ ፎቶ እየላካችሁልን ነው፣ በጣም ደስ ብሎናል። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ግን አንድ አይነት ስለሆነ ለሁላችሁም ባንዴ እንመልስ ብለን ነው። «ሰማያዊው ቀለም መስመር መስመር ሆነብኝ፣ ሌላ ቀለም አላችሁ ወይ» ነው የምትሉን። ሌላ ቀለም አያስፈልጋችሁም፣ የጎደለው ውሃ ነው።

አክሪሊክ (የምትቀቡበት በውሃ የሚቀጥነው ቀለም) ከብልቃጡ እንደወጣ ወፍራም ነው፣ በብሩሽ ስትስቡት የፀጉሩ ዱካ ይቀራል፣ ቶሎ ስለሚደርቅ ደግሞ ዱካው ለመስተካከል ጊዜ አያገኝም። የቤት ግድግዳ ላይ ቢሆን ማንም አያየውም፣ ጣት የምታክል ሃይስ ላይ ግን የበሩ ስንጥቅ ራሱ በቀለም ተደፍኖ ይጠፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ብልቃጡን ደህና አድርጋችሁ ናጡት፣ ከለሩ (ቀለሙን የሚሰጠው ዱቄት) ከስር ይተኛል። ከዛ ፓሌት (የቀለም ማደባለቂያ ሳህን) ላይ 2 ጠብታ ቀለም በ1 ጠብታ ውሃ ጀምሩና ወተት እስኪመስል አስተካክሉት፣ ሁሉም ከለር እኩል ውሃ አይፈልግም። አውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ሞክሩት፣ ወደ ዳር ከሸሸ ከልክ በላይ ቀጥኗል፣ ዱካ ከተወ ገና ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይመጣል፦ ብሩሹን ከነከራችሁ በኋላ ሶፍት ላይ ጠረግ አድርጉት። ካልጠረጋችሁት ትርፉ ውሃ ጥግ ላይ ይጠራቀምና ከለሩን ይዞት ሄዶ ዳር ላይ ይደርቃል፣ ያ የምታዩት ደማቅ ጠርዝ ከዛ ነው የሚመጣው። የሃይሱን ጎን ከፊት ወደ ኋላ በአንድ አቅጣጫ ሳቡት፣ ግማሽ የደረቀ ቦታ ላይ ተመልሳችሁ ብሩሽ አታሳርፉ፣ ይላጣል። አንደኛው እጅ (የመጀመሪያው ቅብ) ሲያልቅ ያስጠላል፣ ግራጫው ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ) ከስር ወለል ብሎ ይታያል፣ እዚህ ጋ ነው ሰው ደንግጦ ወፍራም ቀለም የሚደፋው። እባካችሁ ታገሱት። በደንብ ይድረቅ፣ ሁለተኛ እጅ ድገሙት፣ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው እጅ ጎኑ ጥርት ብሎ አንድ አይነት ሰማያዊ ይሆናል።

ውሃ ጥሩ ነው ብላችሁ ደግሞ አታብዙት። አክሪሊክ ማለት ከለርና ፕላስቲክ ማያያዣ ውሃ ውስጥ ተበትነው ነው፣ ውሃው ሲተን ማያያዣው ተጋግሮ ቀለሙን ይይዘዋል። ውሃ ሲበዛ ማያያዣው ይሳሳና ቀለሙ በጣት ሲነካ ይነሳል፣ በጣም ቀጭን ከፈለጋችሁ በውሃ ፋንታ አክሪሊክ ሚዲየም (ከለር የሌለበት የማያያዣ ፈሳሽ) ጨምሩበት።

የአንበሳ አውቶቡስ የያዛችሁ ግን ትንሽ ትለፋላችሁ። ብዙው ቢጫና ቀይ ቀለም ብርሃን ያሳልፋል፣ ግራጫ ላይ ከቀባችሁት ስንት እጅ ብትደጋግሙ ደብዛዛ ነው የሚሆነው። ከቢጫው ስር ነጭ ወይ ፈዛዛ ሮዝ፣ ከቀዩ ስር ሮዝ አድርጉ፣ ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ። ነጭ ራሱ አስቸጋሪ ነው፣ ከነጭ ፕራይመር ወይ ከፈዛዛ ግራጫ ተነሱ።

አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ ፓሌት ላይ እንዳለ ይደርቅባችኋል። ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አንጥፉ፣ ላዩ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አድርጉና ቀለሙን እዛ ላይ አቅጥኑት፣ ስትከድኑት እስከ ነገ ይቆይላችኋል። በክረምት ደግሞ በእጅና በእጅ መሀል ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት።

አዎ ረስተን፣ ከፕራይመር በፊት መኪናውን በሳሙና እጠቡት፣ የእጅ ቅባት ካለበት ቀለም አይይዝም።

አሁንም መስመር እየሆነባችሁ ከሆነ ፎቶ ላኩልን፣ ግን በአምፖል ሳይሆን በቀን መስኮት አጠገብ በጎን በኩል አንሱት፣ የብሩሹ ዱካ በደንብ የሚታየን እንደዛ ሲሆን ነው፣ ስንት እጅ እንደቀባችሁና ምን ያህል ውሃ እንዳደረጋችሁም ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣ የሱቁ ባልደረቦች