ኮንትሮሉ ያላየውን የታካሚዎቹ ውጤት አሳየን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ስለ ምርመራ ጥራት በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ያው ነው፤ ኮንትሮል (ማሽኑ ልክ መሥራቱን የምንፈትሽበት፣ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና) አልቋል፣ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አልገባም፣ ዶላር የለም። እውነት ነው፣ እኔም ስንቴ ብያለሁ። ግን በየቀኑ በእጃችን የሚያልፍ፣ አንድ ብር የማያስወጣ መቆጣጠሪያ እያለን ዝም ብለን መዝገብ ላይ እናሰፍረዋለን። የታካሚዎቹን ውጤት ማለቴ ነው።

አንዱ ታካሚ ፖታሲየሙ ከፍ ይላል፣ ሌላው ዝቅ ይላል። የመቶ ሰው አማካይ ግን ከቀን ቀን ብዙም አይነቃነቅም። ድንገት ከፍ ብሎ እዚያው ከቀረ፣ አገሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ታሞ አይደለምና እጃችን ላይ የተበላሸ ነገር አለ። ሐሳቡም የቆየ ነው። ሆፍማንና ዌይድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ጽፈውበታል። ብራያን ቡል ደግሞ በ1974 ለሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ማሽን የታካሚዎችን ውጤት በ20 በ20 እየሰበሰቡ መከታተያ ስሌት አውጥቷል።

ድሮ በሠራሁበት ቦታ አንድ ሰሞን የጠዋቱ ፖታሲየም እየጨመረ መጣ። ኮንትሮል ሠራን፣ ልክ ነው። ካሊብሬሽን (የማሽኑን ልኬት ማስተካከል) ደገምን፣ ያው። ግራ ገባን። ለካ ከሌላ ጤና ተቋም የሚላክልን ደም ሴረሙ (ፈሳሹ ክፍል) ከሴሉ ሳይለይ ፍሪጅ ውስጥ እያደረ ነው የሚመጣው! እንዲህ የቀዘቀዘ ደም ፖታሲየሙ ከሴሉ እየወጣ ሴረሙን ይሞላዋል። ኮንትሮል ይህን ከየት ያያል? ከጠርሙሱ ወጥቶ ቀጥታ ማሽን ነው የሚገባው፤ ክንድ አይታሰርለት፣ ቲዩብ ውስጥ አያድር፣ መኪና ላይ አይንገላታ። ፖታሲየሙ ደህና የነበረ ሰው በዚያ ውጤት የተነሳ ማውረጃ መድኃኒት ተሰጥቶት ይሆን እያልኩ እስካሁን ያስጨንቀኛል።

ኮንትሮል ይቅር እያልኩ አይደለም። በቀን አምስትና ስድስት ናሙና የሚሠራ ላብራቶሪ አማካይ አውጥቶ ብዙ የሚረዳው ነገር አያገኝም። የዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ታካሚዎች የሚመጡበት ቀንም የክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) አማካይ ከፍ ማለቱ አይቀርም፣ እነሱን ለብቻ ማየት ነው። ብዙ ታካሚ ያላቸው ሆስፒታሎች ግን ምን ይከለክላቸዋል? ውጤቱ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ኤክሴል እንኳ ይበቃል። የጎደለው ለአንድ ባለሙያ በቀን ግማሽ ሰዓት መስጠትና አማካዩ ከተለመደው ሲወጣ ውጤት የማቆም ሥልጣን እንዲኖረው ማድረግ ነው። ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ይህን ፍቀዱ፤ በሶዲየምና በፖታሲየም ብቻ እንኳ ይጀመር።

አንባቢዎችም የድሮ ውጤታችሁን አትጣሉ። ስትመረመሩ ይዛችሁ ኑ፣ ከአዲሱ ጋር እናስተያየው። ሳይጠበቅ በጣም ከተራራቀ ደግመን እንድንሠራው ጠይቁን።

አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ