አረንጓዴዋን ፊት ስለ መሣል

ውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ደብዳቤሽን ይህን ያህል ጊዜ ያለ መልስ ማቆየቴ ከልብ ይቆጨኛል፤ ይቅር በይኝ። የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የቱሉዝ-ሎትሬክን «በሙላን ሩዥ»፣ ያንን የፓሪስ ጭፈራ ቤት ሥዕል፣ አስመስለሽ ለመሣል አስበሽ ነበር። ሥዕሉ እዚያው ቺካጎ፣ አርት ኢንስቲትዩት ሙዚየም ውስጥ ስለሆነ ፎቶውን ተዪውና ዋናው ፊት ቁሚ።

መጀመሪያ ወደ ቀኙ ጠርዝ ጠጋ በይ። ሸራው አንድ ወጥ አይደለም፤ ከታችና ከቀኝ የተቀጠለ ቁራጭ አለው፣ መጋጠሚያውም በዓይን ይለያል። ያቺ ፊቷ አረንጓዴ የሆነው ዳንሰኛ፣ ሜይ ሚልተን፣ ያለችው እዚያ ላይ ነው። ሠዓሊው ራሱ ወይም ሥዕሎቹን የሚሸጥለት ነጋዴ ቆርጦ አውጥቷት ነበር፤ ምናልባት መልኳ ገዢ ያሸሻል ተብሎ ይሆናል። እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ግን ተመልሳ ተቀጥላለች። በመዳፍሽ ከልለሽ እዪው፦ ጠረጴዛውን የከበቡት ሰዎች ብቻ ይቀራሉ፣ ምሽቱም ይበርዳል። ለእኔ ሥዕሉን የተሸከመችው እሷ ናት።

ልኩ 123 በ141 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በግማሽ፣ 61.5 በ70.5 አድርጊው። ከግራ በሰያፍ የሚወርደውን መደገፊያ አጥር ቀድመሽ አስምሪ፤ እሱ ከተዛባ ወለሉም ጠረጴዛውም ይንሸራተታል። ከኋላ ፀጉሯን የምታስተካክለው ዳንሰኛዋ ላ ጉሉና ከረጅሙ የአክስቱ ልጅ ጎን የሚያልፈው አጭሩ ሠዓሊ፣ ሎትሬክ ራሱ፣ በጥቂት ምት ይበቃቸዋል።

የሜይ ሚልተን ፊት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን አረንጓዴ ከቱቦው አውጥቶ ስለሚለቀልቅ ነው፤ ያኔ ጭምብል ትሆናለች። ብርሃኑ የሚመጣው ከታች ነው፤ ስለዚህ አገጯና የአፍንጫዋ ሥር ይደምቃሉ። የበራውን ወደ ቢጫ፣ ጥላውን ወደ ሰማያዊ ሳቢው። ጥላው ውስጥ ነጭ አትጨምሪ፣ አመድ ይመስላል። ጀርባዋን የሰጠችንን የሌላዋን ዳንሰኛ የጄን አቭሪልን ብርቱካናማ ፀጉር አብረሽ ሥሪው፤ አረንጓዴው የሚጮኸው እሱ ስላለ ነው።

እንደ ሎትሬክ ድብዝዝ ያለ፣ የማያብለጨልጭ ቀለም ከፈለግሽ የዘይት ቀለሙን መጣጭ ወረቀት ላይ አሳድሪና ዘይቱ ሲቀንስ በተርፐንታይን አቅጥኚው። ከልክ በላይ ከቀጠነ ግን ሲደርቅ እንደ ዱቄት በጣት ይነሣል፤ መጀመሪያ ቁራጭ ሸራ ላይ ሞክሪው። መስኮቱንም ክፈቺ።

ፊቷን እንደ ጨረስሽ፣ ሌላው ሳይደርቅም ቢሆን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። በዚህኛው መልሴ አይዘገይም።

ናፋቂሽ