እሑድ የታየ ታካሚ ሰኞ መንገድ ላይ እንዳይቀር

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ በቱሉ ዲምቱ የሚኖሩ ሐኪሞች ያቋቋሙት ማኅበር ከጤና ጣቢያዎች ጋር በጽሑፍ ስምምነት እንዲሠራ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የዕድር ጸሐፊ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሐኪሞቹ ማኅበር አባልም አይደለሁም። ግን ማኅበሩ የሚሠራበትን አዳራሽ ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ወንበር የምንደረድረው፣ ስም የምንመዘግበው፣ አቅመ ደካሞችን ከብሎካቸው ደግፈን የምናመጣው የዕድሩ ሰዎች ነን። የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በሰፈራችን ብዙ ሐኪሞች ይኖራሉ። ዕጣ ወጥቶላቸው የገቡ አሉ። መሀል ከተማ የቤት ኪራይ አልቀመስ ብሏቸው የመጡም አሉ። ቀን ሆስፒታል ይሠራሉ፣ ማታ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ልጅ ሌሊት ሲያተኩሰው የሚንኳኳው የእነሱ በር ነው። እንዲህ ተበታትኖ ከመርዳት ተሰባስቦ መሥራት ይሻላል ብለው ማኅበር አቋቋሙ። አሁን በየወሩ አንድ እሑድ በዕድራችን አዳራሽ ሰው ይመረምራሉ። ትምህርት ቤት ሄደው ያስተምራሉ። ለባጃጅና ለታክሲ ሾፌሮች የሚደማ ቁስል እንዴት ተጭኖ እንደሚያዝ፣ የተጎዳ ሰው እንዴት እንደሚነሳ አሳይተዋል። የአዳማው ፈጣን መንገድ መነሻ እኛ ሰፈር ስለሆነ፣ ከባድ መኪናም ስለሚበዛብን፣ ይህ ትምህርት ትንሽ ነገር አይደለም። አምቡላንስ እስኪደርስ ድረስ ሰውን የሚያተርፈው አጠገቡ የቆመው ሰው ነው።

ለዚህ ሁሉ ከማንም አምስት ሳንቲም አይቀበሉም።

ስለ ደም ግፊት ትንሽ ላስረዳችሁ። ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን የጥያቄዬ ሥር እዚህ ነው። ሐኪሞቻችን አንድ ጊዜ ለክተው «ግፊት አለብህ» አይሉም። ከ140 በ90 በላይ ካገኙ ሰውየውን አሳርፈው ደግመው ይለኩታል። ያም አይበቃም፣ በሌላ ቀን እንዲለካ ይነግሩታል። የቸኮለ፣ የደነገጠ፣ ቡና ጠጥቶ የመጣ ሰው ግፊቱ ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል። እውነተኛው ግፊት ደግሞ ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ይቀመጣል። ሲነቃበት አንድ ጎን ሽባ ሆኗል፣ ወይም ኩላሊት ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት፣ ከአዋቂዎች 16 በመቶ የሚሆኑት ግፊታቸው ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ በአንድ ብሎክ ውስጥ ስንት ሰው ሳያውቀው ይዞት እንደሚኖር ገምቱት። ይህ በሽታ በአንድ ቀን ዘመቻ አይያዝም። የሚከታተል፣ ስሙን መዝግቦ «ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል። የሰፈር ሐኪም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ሰውየውን ደረጃ ላይ ያገኘዋላ።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን የልጆቹ ጉዳይ ነው። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እኛ ቶንሲል ነው ብለን እናልፈዋለን። ዛሬም እንጥል ለማስቆረጥ የሚወስድ ወላጅ አለ። ሐኪሞቹ ይህን ሲሰሙ እናቶቹን አልተቆጡም። ቁጭ ብለው አስረዷቸው። አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በወቅቱ ካልታከመ የልጁ ሰውነት ባክቴሪያውን ልዋጋ ሲል የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። በብዛት የሚያገኛቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ በሚያድርበት ቤት በቀላሉ ይተላለፋል። መጀመሪያ ላይ ፔኒሲሊን ይመልሰዋል። ካለፈ ግን የልብ ቫልቭ ይበላሻል፤ ልጁ ለዓመታት በየወሩ መርፌ ይወጋል፣ ሲብስም ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል። ያ ቀዶ ሕክምና እንዴት ውድ እንደሆነና ወረፋው እንዴት እንደሚረዝም እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እናቶቹ ይህን ከሰሙ ወዲህ ልጅ ጉሮሮዬን ሲል ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ጀምረዋል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ልጇን እሑድ አምጥታ አስመረመረች። ሐኪሙ የልጅቷን ልብ ሲያዳምጥ ያልተለመደ ድምፅ ሰማ። ያገኘውን በወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወስዳት ነገራት። ወሰደቻት። እዚያ ግን «ይህን ወረቀት አናውቀውም» ተባለች። ካርድ አውጥታ ከመጀመሪያ ጀመረች፤ ልጅቷም ሽሮፕ ታዞላት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነው። በመድኑ ሆስፒታል ለመታከም ደግሞ የጤና ጣቢያው ሪፈር የግድ ነው። ሪፈሩ አልተጻፈም። በመጨረሻ ጎረቤት አዋጥቶ በግል ክሊኒክ የልብ አልትራሳውንድ ተነሳች። አንዱ ቫልቭ ተጎድቶ ተገኘ። አሁን በየወሩ መርፌዋን ትወስዳለች፣ ትምህርቷንም ቀጥላለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ጎረቤት ባያዋጣስ?

ያን ቀን በሥራ ላይ በነበሩት ባለሙያዎች አልፈርድም። ወረፋቸውን አይቻለሁ። የማኅበሩን ወረቀት ተቀበሉ የሚል መመሪያም አልደረሳቸውም። ጥፋቱ የማንም ሰው አይደለም፤ በእሑዱና በሰኞው መካከል ድልድይ ባለመኖሩ ነው።

የሐኪሞች መደራጀት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በዓመቱ የጀመረው የሕክምና መጽሔትም እስከ ዛሬ ይታተማል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ለሙያ ማኅበራት ሕጋዊ ቦታ ሰጥቷል። መንግሥት ራሱ ከ1995 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን በየቤታችን የላከው፣ ሕመም ሆስፒታል ሳይደርስ እሰፈሩ እንዲያዝ ብሎ ነው። የእኛ ሐኪሞች የያዙት መንገድ ይኸው ነው። የሰፈራችን ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ምርመራ ባለበት እሑድ እየመጡ አብረዋቸው ይሠራሉ። ማንም ሳያዛቸው፣ በፈቃዳቸው።

«ይህ ሁሉ ለግል ክሊኒክ ታካሚ ለመሳብ ነው» የሚል ጥርጣሬ እንዳለ ሰምቻለሁ። ጥርጣሬው መጥፎ አይደለም፣ ሕዝብን ለመጠበቅ ከታሰበ። መልሱ ግን ሥራውን መግታት ሳይሆን ደንብ ማውጣት ነው። ሐኪሞቹ በእሑዱ ምርመራ ያዩትን ሰው ወደ ራሳቸው ወይም ወደሚሠሩበት የግል ተቋም እንዳይልኩ በስምምነቱ ይጻፍ። ይህን ራሳቸው ጠይቀው አውቃለሁ። የሙያ ፈቃዳቸውም በየጊዜው ይታይ። ማንም ቅር አይለውም።

እስካሁን ያለው ሥራ በሰው ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። አንድ ቅን ኃላፊ ሲኖር ግፊት መለኪያ እንዋሳለን፣ ክፍልም ይፈቀድልናል። ኃላፊው ሲቀየር ግን ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። በዚህ መሀል ግፊታቸውን የሚያስለኩት እናቶችና አባቶች ይበተናሉ። አንዴ የተበተነን ሰው መልሶ መሰብሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ በዕድር ሥራ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ቢሮው ከማኅበሩ ጋር የመግባቢያ ሰነድ እንዲፈራረም እንጠይቃለን። የማኅበሩ ሐኪም ፈርሞ የላከው ታካሚ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ወረቀቱ ይነበብለት፣ ውጤቱም ካርዱ ውስጥ ይያያዝለት። ጤና ጣቢያው የራሱን ምርመራ ማድረጉ አይቀርም፤ እኛ የምንለው ከዜሮ አይጀምር ነው። ከጤና ጣቢያው አንድ ባለሙያ በእሑዱ ምርመራ ላይ ቢገኝ ደግሞ ሪፈሩ እዚያው ሊጻፍ ይችላል፤ የመድን አባል የሆነ ድሃ ቤተሰብ ሁለት ቀን ሥራ አይፈታም። ሐኪሞቹ ለኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለነርሶች የሚሰጡት ሥልጠና ፈቃድ ለማደስ በሚያስፈልገው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ የሚቆጠርበት መንገድ ካለም ይታይልን። ገንዘብ አልጠየቅንም። አዳራሹ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ሐኪሞቹም አሉ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ጉዳዩ በመጪው ዓመት ዕቅድ እንዲገባ ከዚያ በፊት መልስ ብናገኝ ደስ ይለናል። የሚመለከተውን ባለሙያ ብትልኩልን፣ ከማኅበሩ ተወካዮችና ከዕድሩ ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። የምርመራ መዝገቡንም የታካሚዎቹን ስም ሸፍነን እናሳያችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቱሉ ዲምቱ ነዋሪና የዕድር ጸሐፊ