ሳይቆፈር በፊት ስንጥቁ ይመዝገብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጎረቤት መሠረት ሊያስቆፍር ሲነሳ ብዙዎቻችንን ይሉኝታ ይይዘናል። ጠቡ የሚመጣው ግድግዳ ሲሰነጠቅ ነው፤ ያኔ «ድሮም የነበረ ነው» ይባላል። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ግድግዳውና አጥሩ አስቀድሞ ፎቶ ይነሳ። በነባሩ ስንጥቅ ላይ ስስ ጄሶ ተለጥፎ ቀኑ ይጻፍበት፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ራሱ ይሰነጠቃል።

አጥር ጥግ የሚቆፈረው ቦታ በአንድ ጊዜ አይከፈት። በ1 ሜትር ገደማ እየተከፋፈለ፣ አንዱ ተገንብቶ ሲደርቅ ሌላው ይቆፈር። በተለይ በአዲስ አበባ ጥቁር አፈር ላይ ክፍት ጉድጓድ ይዞ ክረምት መግባት አደገኛ ነው፤ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፣ አጥሩም ይከተለዋል።

በጎረቤት ግንባታ መውጫ መግቢያ የተዘጋበት ሰው ሽምግልናውን ያስቀድም፤ መልካም ነው። ግን መንገዱ የተዘጋበትን ቀን ይመዝግብ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ፣ ማለትም ይዞታዬን የሚያውከው ነገር ይቁምልኝ የሚለው፣ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ስንቱ በሽምግልና ቀጠሮ ብዛት መብቱን አጣ! ዕርቅ ከወረደም የመተላለፊያው ስፋት በሜትር ተለክቶ በጽሑፍ ይስፈር፣ ምስክሮችም ይፈርሙበት።

አንድ የግንባታ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ